የሒሳባዊ ፊዚሲስት አኗኗር፦ በአንድ ተከራይ ላይ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በግቢያችን ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ናሙና ላይ፣ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። ናሙናው አነስተኛ መሆኑን አንክድም። ሰርቪሱ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ናሙና ማስገባት አልተቻለም። ተጠኚው ከዚህ በኋላ «ዶክተር» እየተባለ ይጠራል፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ጸጥተኛ ሰው ነው። ቤቱን ሊያይ በመጣ ቀን ሥራውን ብንጠይቀው «ማቲማቲካል ፊዚክስ» አለን። ባለቤቴ የመብራት ሰው መስሎት ስለሚዘለው ቆጣሪያችን አማከረው። ዶክተር ቆጣሪውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ደስ የሚል ነው» ብሎ ገባ። ቆጣሪው አሁንም ይዘላል።

የፍጡሩ አመዳደብ አከራካሪ ነው። በተረት እንደሚባለው የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርሷን፣ አይጦች ሲጠይቋት ክንፏን እያሳየች ታመልጥ ነበር፤ በኋላ ሁለቱም ስለገፏት በጨለማ የምትበርር ሆነች። ሒሳባዊ ፊዚሲስትም የሒሳብ ሰዎች ዘንድ ሲሄድ ስለ ኤሌክትሮንና ስለ ሙቀት ያወራልና «ፊዚክስ ክፍል ወዲያ ነው» ይሉታል። የፊዚክስ ሰዎች ዘንድ ሲሄድ ደግሞ «ይህ እኩልዮሽ መፍትሔ እንዳለው በምን ታወቀ?» እያለ ስብሰባ ስለሚያስረዝም በሩን ያሳዩታል። ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ኤድዋርድ ዊተን የመጀመሪያ ዲግሪው በታሪክ ነው። ፊዚክስ ሲሠራ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የሒሳብ ሰዎች ትልቁን ሽልማታቸውን የፊልድስ ሜዳሊያን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አመዳደቡ ይበልጥ ተወሳስቧል።

የዶክተር እናት ጉዳዩን ከደብረ ማርቆስ በስልክ ለመቋጨት ሞክረዋል።

«ልጄ፣ የምትሠራው ሒሳብ ነው ፊዚክስ?»

«ሁለቱንም ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ደመወዝህ ሁለት ነዋ!»

ዝምታው ረዘም ያለ ነበር። (ስልኩ በስፒከር ነበር፤ ጥናቱ ከሥነ ምግባር ውጭ አልሄደም።)

የዶክተር ቀን የሚጀምረው ሌሊት ነው። ነገዱ ጽሑፉን የሚከትበት አርካይቭ የሚባል የጋራ ጎተራ አለ፤ ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ሎስ አላሞስ ሆኖ የጀመረው ነው። የአዲስ ጽሑፎች ዝርዝር የሚለቀቀው በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ሲመሽ ነው፤ ይህም በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን በሚመልሱበት ወራት ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ይውላል። በሰፈራችን በዚያ ሰዓት ነቅተው የሚገኙት ማኅሌት የሚቆሙ ሊቃውንትና ዶክተር ብቻ ናቸው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች የሚያየው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፦ እሱ የያዘውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነ። ካልተሠራ ይተኛል። ከተሠራ ብርሃኑ ሳይጠፋ ይነጋል። ለዕለቱ ዝርዝር የመዝጊያው ሰዓት ካለፈ በኋላ የገባ ጽሑፍ ለነገ ይተርፋል፤ ቀድሞ የገባው ግን የነገው ዝርዝር አናት ላይ ይወጣል። ከላይ የወጣ ጽሑፍ ይበልጥ እንደሚጠቀስ በጥናት ስለታየ፣ በሩ በተከፈተበት ሰከንድ ለመግባት የዳቦ ቤት ሰልፍ የሚያስንቅ ግፊያ አለ። ዓርብ ለቅዳሜና ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ዝርዝር የለም። በነዚህ ሌሊቶች ዶክተር የሚሆነውን አጥቶ ግቢውን ይዞራል። ውሻችን መጀመሪያ ይጮህበት ነበር፤ አሁን አብሮት ይዞራል።

መሣሪያው ጠመኔ ነው። ማንኛውም ጠመኔ ግን አይደለም፤ በአንድ የጃፓን ፋብሪካ ይመረት የነበረው ሃጎሮሞ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ በየአገሩ ያሉ የሒሳብ ሰዎች ዘይት ሊጠፋ ነው እንደተባለ ሰፈር በካርቶን በካርቶን ገዝተው አከማቹ። ማሽኑ ወደ ኮሪያ ተሻግሮ ምርቱ ቢቀጥልም ሥጋቱ አልለቀቃቸውም። ዶክተር አልጋው ሥር ሁለት ፓኮ ነበረው። ባለፈው ክረምት የስምንት ዓመት ልጄ አንዱን አግኝታ በረንዳው ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰመረችበት። ዶክተር ከሥራ ሲገባ አየ። አልተቆጣም። ቁጢጥ ብሎ መስመሩን በጣቱ ነካ አደረገና «አቧራው እንደማይበን አየሽ?» አላት። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ እስከ ማግሥቱ አልወጣም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ጠረጴዛ አለ። ትናንትም ነበር። ይህን ሁላችንም ተቀብለን ሽንኩርት እንከትፍበታለን። ዶክተር አንድ ምሽት ጨው ሊዋስ መጥቶ ጠረጴዛውን በእጁ ተደገፈና «እትዬ፣ ይህ ጠረጴዛ ለምን ወደ ውስጡ እንደማይሰረጉድ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ዋንዛ ስለሆነ» አልኩት።

ዋንዛነቱ አላረካውም። እንደሱ አገላለጽ ጠረጴዛው ከአዎንታዊ ኒውክለሶችና ከአሉታዊ ኤሌክትሮኖች የተሠራ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ይሳሳባሉ። የሚሳሳቡ ነገሮች በበዙ ቁጥር እየተጠጋጉ፣ እየተጨማደዱ መሄድ ነበረባቸው። የሚያግዳቸው ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ሕግ ነው፦ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ሊገኙ አይችሉም። የሚኒባስ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሰው ያስቀምጣል፤ ኤሌክትሮን ግን ትርፍ አይጭንም። ሕጉ ባይኖር ኖሮ፣ ፍሪማን ዳይሰን እንዳሰላው፣ ማናቸውም ሁለት ዕቃዎች ሲገጣጠሙ የአቶም ቦምብ የሚያህል ጉልበት በወጣ ነበር። ሰፌዱን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ።

ይህ ግን ገና ወሬ ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫውን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ጠረጴዛዎች በሙሉ፣ የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድ ሳይቀር፣ የቆሙት ያለ ማረጋገጫ ነው። የሁለቱ ሰዎች ሥራ በሁለት ክፍል የታተመ፣ አድካሚ ስሌት ነበር፤ በመጨረሻ የወጣላቸው ቁጥርም ከሚገባው በትሪሊዮኖች እጥፍ የራቀ ሆነ። አንድ ሰው «ቤትህ ስንት ያወጣል?» ሲባል «ከመቶ ትሪሊዮን ብር አይበልጥም» ብሎ እንደ መማል ያለ ነው፤ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤሊዮት ሊብና ዋልተር ቲሪንግ ነገሩን በሦስት ገጽ ጨረሱት፤ ቁጥሩም ልክ የሚመስል ሆነ።

ባለቤቴ ይህን ሰምቶ «ታዲያ በመሐል ባሉት ስምንት ዓመታት ጠረጴዛው እንዴት ነበር?» አለ።

«ቆሞ ነበር» አለ ዶክተር፤ «ግን በደካማ ማረጋገጫ።»

ጨውስ? ጨው ቅንጣቶቹ ተሰድረው ክሪስታል እንደሚሆኑ አሞሌ ያየ ሁሉ ያውቃል። ከኳንተም ሜካኒክስ መሠረታዊ ሕግ ተነሥቶ መሰደራቸው ግድ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ግን እስካሁን የለም። ዶክተር የሰጠሁትን ጨው ወደ አምፖሉ አንሥቶ አየና «ያልተረጋገጠ ነው» ብሎ ይዞት ሄደ። ወጡ ውስጥ እንደጨመረው ግን አውቃለሁ።

ከጀበና የሚወርደው ቡናም ቢሆን ሕጋዊ ሰነድ የለውም። የፈሳሽን ፍሰት የሚገዛው የናቪየርና የስቶክስ እኩልዮሽ ሁልጊዜ ለስላሳ መፍትሔ ይኖረው እንደሆነ አልታወቀም፤ ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር ካስያዘላቸው ሰባት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ከሰባቱ የተፈታው አንድ ብቻ ነው። የፈታው ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ገንዘቡን አልፈልግም አለ። በአንጻሩ ፖላንዳዊው ስታኒስዋቭ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1936 ልቮቭ ውስጥ፣ የሒሳብ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ደብተር ላይ፣ አንድ ጥያቄ ለሚመልስ ሰው በሕይወት ያለ ዝይ እሰጣለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ስዊድናዊው ፔር ኤንፍሎ ጥያቄውን ፈታ፤ ዝዩንም ተቀበለ። ይህ ነገድ ሚሊዮን ዶላር እምቢ እንደሚልና ዝይ እንደሚቀበል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዶክተር ይህን በአድናቆት የተረከልኝ የሁለት ወር ኪራይ ባልከፈለበት ሳምንት ስለነበር፣ የአጥኚዋ ገለልተኛነት እዚህ ላይ በጥቂቱ ተናግቷል።

ስለ አነጋገሩ ብዙ የሚባል የለም። «ቀላል ነው» ካለ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ሠርቶታል ማለት ነው። «ደስ የሚል ነው» ካለ አልገባውም ወይም አልተስማማም ማለት ነው። ኪራይ ልንጨምር መሆኑን ስንነግረው «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» አለን፤ ፈቃደኛነት መስሎን ሦስት ወር ጠበቅን።

ከመመረቅ እስከ መቀጠር ያለው ዘመን የፍልሰት ነው። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ሁለት ዓመት እዚህ፣ ሦስት ዓመት እዚያ እያለ ይዞራል፤ ፖስት ዶክ ይሉታል። የእኛ ሰው ይህን ኑሮ በቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር መዞሩ አንድ ነው። በአኩፋዳ ፋንታ ላፕቶፕ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» በማለት ፋንታ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይያዛል፤ የውሻውን ቦታ ቪዛ ይሸፍናል። ብዙ አፍሪካውያን የሚያልፉበት ደብር ትሪየስት ነው፤ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያ የጣሊያን ከተማ ያቋቋመው የፊዚክስ ማዕከል የእኛንም አገር ልጆች አስተምሯል። ዶክተር እዚያ አንድ ዓመት ተቀምጦ ሁለት የጣሊያንኛ ቃል ለምዷል፤ ሁለቱም የቡና ስም ናቸው።

ገዳሙ ግን ኦበርቮልፋኽ ነው። በጀርመን ጥቁር ደን ውስጥ የሚገኝ፣ በጥሪ ብቻ የሚገባበት ተቋም ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ እንግዳው አይመርጥም፤ ስሙ የተጻፈበት የናፕኪን ከረጢት በየማዕዱ ተበውዞ ይቀመጣል፣ እሱም ስሙን እየፈለገ ይዞራል። በዚህ ዘዴ ዶክተር መጽሐፉን እያነበበ ካደገው ሰው ጎን ተቀምጦ ሾርባ ጠጥቷል፤ የተነጋገሩትም ስለ ሾርባው ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም፤ ሁሉም ጫካ ለጫካ ይጓዛል፣ የጉዞው ፍጻሜም ክሬም የበዛበት የቼሪ ኬክ ነው። ዶክተር ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ያስታወሰው ከሁለተኛው ቁራሽ በኋላ ነው። ካምብሪጅ ያለው የአይዛክ ኒውተን ተቋም ደግሞ ሊፍትና ሽንት ቤት ውስጥ ሳይቀር ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሏል። ዶክተር ለእኛም ግቢ ይህንኑ አሳስቦ ነበር፤ ቆርቆሮ ጠመኔ አይዝም ተብሎ ውድቅ ሆነ።

የነገዱ ባላንጣ አንስታይን ተሳስቷል ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሒሳባዊ ፊዚሲስት ጆን ባኤዝ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰፍር የነጥብ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ወንድሜ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመሬት ስበት የለም የሚል ሐሳብ ስላለው አሥራ አንድ ገጽ በእጁ ጽፎ ለዶክተር ሰጠው፤ ሠንጠረዡን አውጥተን አብረን ሞላን። ማንም ሰው የሚጀምረው ከዜሮ በታች በ5 ነው። ወንድሜ ራሱን ከጋሊልዮ ጋር አስተያይቶ አሳዳጆች እንዳሉት ስለጻፈ 40፤ ትምህርት ቤት መግባቱን ለጤነኝነቱ ማስረጃ ስላደረገ 10፤ ሐሳቤ ዓለምን ይገለብጣል ብሎ ሲያበቃ ሊፈተን የሚችል አንድም ትንበያ ስላላቀረበ 50። በትልልቅ ፊደል ለተጻፈ ለእያንዳንዱ ቃል 5 ይጨመራል የሚለው አንቀጽ አልነካውም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ድምሩ 95 ሆነ። ወንድሜ ከመቶ መስሎት ለዘመድ ሁሉ ደወለ።

ለፋሲካ እናቱ ከደብረ ማርቆስ መጡ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዶክተር በረንዳው ላይ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ተጋድሟል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ በማስታወሻችን «እንቅልፍ» እያልን ስንመዘግብ ነበር። ልቀሰቅሰው ስነሣ እናቱ እጄን ያዙኝ። አባታቸው ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህር ነበሩ።

«ተይው የኔ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ቅኔ እየቆጠረ ነው።»

የአንድ ዓመት ከአራት ወር መረጃ እንደገና መታየት ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ቡና ተፈላ። ረከቦቱ አንድ እግሩ ክፍተት ላይ ወድቆ ይናጋል። እናቱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣል ሲያደርጉ ዶክተር «ቆይ እማዬ» ብሎ ተነሣ። ጄኔቫ በሚገኘው ሰርን የሠራ አንድሬ ማርታን የተባለ ሰው፣ አራት እግር ያለው ካሬ ጠረጴዛ ተዳፋቱ ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ከ90 ዲግሪ ባነሰ ማዞር አራቱም እግሮቹ የሚቆሙበት ቦታ እንደሚገኝ አረጋግጧል። የእኛ ረከቦት ካሬ አይደለም። ዶክተር በሲባጎ ለካውና አራቱ እግሮች ቢያንስ በአንድ ክብ ላይ እንደሚውሉ ነገረን፤ ለዚህ ማርታን ያስቀመጠው ግምት ብቻ ነው፣ ግን ይሞከራል አለ። ከዚያ ስድስት ስኒ እንደተደረደረ ረከቦቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ መሪ ቀስ እያለ ያዞረው ጀመር። ስኒዎቹ ተንኳኩ። ልጄ ትንፋሿን ያዘች። ሩብ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ረከቦቱ ዝም አለ፤ ቢነኩት አይናጋም።

አጋድሎ ነበር የቆመው። ቲዎረሙ እንደማይናጋ እንጂ ቀጥ እንደሚል አይናገርም። አቦሉ በየስኒው ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ።

እናቱ ረከቦቱን ወደ ቦታው መለሱት፤ ከቄጠማው ሥር አንድ ጠጠር አንሥተው ከእግሩ በታች ሸጎጡ። ቀጥ አለ።

ዶክተር ጠጠሩን ሲያይ ቆየ። «ግን እማዬ፣ ልኩ የሆነ ጠጠር ሁልጊዜ ይገኛል?»

«በዚህ አገር?» አሉ።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ቶናው ሲቀዳ ቀና አላለም፤ በረካውም ላይ እንዲሁ። እናቱ ስኒውን ክርኑ እንዳይመታው ፈንጠር አድርገው አስቀመጡና ወደኛ ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።