ይድረስ ለክቡር አቶ አረቄ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በኳስ ሜዳ ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ኃላፊነቱን ብቻዎን ስለወሰዱ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ የኳስ ወዳጅ ሰላምታውን ያቀርባል። ጤንነትዎ እንደምን ነው? አገር እንደሚመሰክረው እርስዎ ታመው አልጋ የያዙበት ቀን የለም፤ አልጋ የሚይዙት ወዳጆችዎ ናቸው።

ይህ ደብዳቤ ለወቀሳ አልተጻፈም። ወቀሳማ ሞልቶዎታል። ሜዳ ላይ ድንጋይ ሲወረወር «ጠጥተው ነው»፣ ዳኛ ሲሰደብ «ሞቅ ብሏቸው ነው»፣ ወንበር ሲነቀል «ሰካራም ምን ያውቃል» ይባላል። ስብሰባ ተጠርቶ የስርዓት አልበኝነት መንስኤ ሲዘረዘር ስምዎ ከላይኞቹ ተራ ቁጥሮች አይጠፋም። እርስዎም አንድ ቀን እንኳ እጅ አውጥተው «አስተያየት አለኝ» ብለው አያውቁም። በዚህ አገር ጥፋቱን ሳያንገራግር የሚቀበል ባለድርሻ አካል ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም፤ ምስጋናው ስለዚህ ነው።

ትጋትዎም ሊመሰገን ይገባል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ የእርስዎ ሥራ የሚጀመረው ከረፋዱ ነው። ከውርጌሳ፣ ከመርሳና ከሲሪንቃ በሚኒባስና በአይሱዙ ተጭኖ እየጨፈረ የሚመጣው ደጋፊ ወልድያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ሜዳውን አይደለም፤ ጣሳ የተሰቀለበትን በር ነው። ቁርጥ ያማረው ግሮሰሪ ይገባል። ጫት የያዘው ደግሞ በርጫውን ጨርሶ ጨብሲውን የሚያስበው ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ በመለኪያ ይቀርባሉ፤ ትንሽ ነዎት፣ ርካሽ ነዎት፣ ፈጣን ነዎት። ቢራ ሆድ ሞልቶ የሚያደርሰውን እርስዎ በሦስት ጉንጭ ያደርሳሉ።

ከዚያ የበሩ ፍተሻ ይመጣል። እዚህ ላይ የጥበብዎ ጥልቀት ይታያል። መልክዎ ውሃ ስለሚመስል የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ገብተው በክብር ይሰለፋሉ። ፖሊሱም የዋዛ አይደለም፤ ክዳኑን ይከፍትና ጠርሙሱን ለባለቤቱ መልሶ «እስቲ አንድ ጉንጭ ጠጣለት» ይላል። ደጋፊው ፊቱን ሳያጨፈግግ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ጎንጨት ያደርጋል። ፖሊሱ ያሳልፈዋል። ከኋላው የተሰለፈው እውነተኛ ውሃ የያዘ አባት ግን ሳል ይዟቸው ኖሮ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ጠርሙሳቸውም ይወረሳል። ቀበቶና ላይተርም እዚያው በር ላይ ይቀራሉ። በሆድ ተሸሽጎ የሚገባውን ግን የሚዳብስ እጅ እስካሁን አልተገኘም። «አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ እርስዎን ሳይሆን ጠርሙስዎን ነው የከለከለው።

ይህን ሁሉ ሲያከናውኑ መድረክዎ ተራ ሜዳ እንዳይመስልዎ። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም 25,155 ሰው የሚይዝ፣ 567 ሚሊዮን ብር እንደወጣበት የተነገረለት ግንባታ ነው። የአገሪቱ ዋና ከተማ ሰው አሮጌው ስታዲየም ውስጥ ካታንጋና ሚስማር ተራ ላይ በሲሚንቶ ደረጃ ሲጋፋ፣ የወልድያ ሰው ባለ ወንበር ስታዲየም ውስጥ ቁጭ አለ። ከተማዋም ከዚህ በላይ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

ኩራቱ ዓመት አልሞላም። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እሁድ ቀን፣ የወልድያ ክለብ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት ቀጠሮ ነበረው። ጨዋታው አልተካሄደም። ኳሷ ሳትነካ በከተማው መንገድ ላይ ግጭት ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። አቶ አረቄ፣ እርስዎ በዚያ ቀን የት እንደነበሩ አይጠየቁም፤ የሚጠጣ ሰው መቼም አይጠፋም። የዚያን ቀን ጠብ ግን መለኪያ ውስጥ አልተጠመቀም። የተጠመቀው በዚያ ዘመን ፖለቲካ ነው፤ ድፍድፉም ከወራት በፊት፣ ከአንዱ ስታዲየም ወደ ሌላው፣ በብሔር ስድብ ተጠንስሶ ሲብላላ ሁሉም ይሰማ ነበር። ማልያው ሽፋን፣ ቲኬቱ መግቢያ ሆነ። ሆኖም ሥጋት እየታወቀ ጨዋታው ለምን በዚያ ቀን በዚያ ሜዳ ተያዘ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «አንዳንድ ጠጥተው የሚረብሹ» ማለት ይቀላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ዳውላው እርስዎ ነዎት።

በዚያው ዓመት ወልድያ ከፋሲል ከነማ ጋር ሲጫወት በዳኛ ውሳኔ የተነሳ ግርግር ሜዳ ውስጥ ገባ። ቅጣት መጣ። ክለቡም በውድድሩ መጨረሻ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት እጅ ገብታ ከኳስ የከበደ ነገር አየች።

ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ከደረሰው ሁሉ ለእርስዎ ጠበቃ የሚጠቅመው የወልድያው ሳይሆን የአዲስ አበባው ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ስታዲየም ተጫወቱ። አወዛጋቢ ጎል ጸደቀ። ዋናው ዳኛ ተባረረ፣ ተመታ። አባራሪዎቹ እነማን ነበሩ? ካታንጋ ላይ ጠርሙስ ታቅፎ የዋለ ወጣት አይደለም፤ ከወልዋሎ ወገን የሆኑ፣ ቱታና ማልያ የለበሱ፣ ደመወዝተኛ ሰዎች ናቸው። ዳኞች «ዋስትና ካልተሰጠን አናጫውትም» አሉ፤ ሊጉም ላልተወሰነ ጊዜ ተቋረጠ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ሜዳው መስመር ውስጥ አንድ ጠብታ አልነበሩም። ቢሆንም «ቡድን መሪዎች ከጨዋታ በፊት ትንፋሻቸው ይመርመር» ወይም «እርጎ ብቻ ይጠጡ» የሚል መመሪያ ሲወጣ አልተሰማም።

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉዳይ እንለፍ። እርስዎን በር ላይ የሚያስፈትሸው እግር ኳስ የሥጋ ዘመድዎን ቢራን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው ያደገው። በአገሪቱ ከሁሉ ይበልጥ ዋንጫ የሰበሰበው ክለብና ከሁሉ አንጋፋው ቢራ በአንድ ቅዱስ ስም ይጠራሉ። የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ማልያ ላይ ሐበሻ ቢራ ነበር። ጎንደር ዳሸን ቢራ የሚባል የሊግ ክለብ ነበራት፤ ሐረርም ሐረር ቢራን፣ ሰበታም ሜታ አቦን አሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያዎቹ ይባላል፤ ስፖንሰሩ ዋልያ ቢራ ሆነ፤ ልጅ «ዋልያ ግባ!» ብሎ ሲጮህ የትኛውን እንደሚጠራ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ለወሎ ሰው ደግሞ የቢጂአይ ፋብሪካ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ቢራው ሳይሞቅ ይደርሳል።

እርስዎ ግን ስፖንሰር ሆነው አያውቁም። ማልያ አላሰፉም፣ ለተጫዋች ዝውውር አልከፈሉም፣ ለጠላ ሻጯ እንኳ ጃንጥላ አላደሉም። ጥፋትዎ ምናልባት እዚህ ላይ ይሆን? የከፈለው ቢራ ጥላ ፎቅ ተቀመጠ፤ ያልከፈሉት እርስዎ ፌሮ በር ላይ ተዳበሱ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ሲከለክልና ማስታወቂያውን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ሲያወርድ፣ ክለቦች የመጀመሪያ ጭንቀታቸው የወጣቱ ጤና አልነበረም፤ ማን ይከፍለናል የሚል ነበር። ብዙም አልቆዩም፤ በ2013 የውድድር ዘመን ሊጉ ራሱ ቤትኪንግ በተባለ የውርርድ ድርጅት ስም ተጠራ። የእርስዎ ስካር ሌሊቱን አድሮ በጠዋት ሽሮ ይበርዳል። የውርርዱ ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል፤ ራስ ምታቱም የቤት ኪራይ መክፈያ ቀን ላይ ነው የሚነሳው።

በውጭ አገር እንዴት ነው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ዘመድዎ ውስኪ በገነነበት በስኮትላንድ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1980 ሴልቲክ ሬንጀርስን በሃምፕደን ፓርክ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የሁለቱም ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ተደባደቡ፤ ፈረሰኛ ፖሊስ መሃል ገብቶ በተናቸው። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ልብ ይበሉ፣ ሕጉ ስታዲየም ውስጥ መጠጣትን ብቻ አልከለከለም፤ ደጋፊ በሚያመጣው አውቶቡስ ውስጥ መጠጥ መያዝንና ሰክሮ በር ላይ መድረስንም ወንጀል አደረገ። መጠጡን በመንገዱ ላይ ፈለገው ማለት ነው። በተጨማሪም የዚያን ቀን አብዛኛው ፖሊስ ከስታዲየሙ ውጭ ተሰማርቶ እንደነበር ሳይሸፋፈን ተነገረ። እዚያም ጠጪው ተወቅሷል፤ የፖሊስ አሰላለፉም አብሮ ተነስቷል። እንግሊዝ በ1985 ተከተለች። ኳታር ደግሞ በ2022 የዓለም ዋንጫ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ከስታዲየሞቹ ዙሪያ ቢራን ነቀለች፤ ክፍያውን የፈጸመው የቢራ ኩባንያ ስም ግን ሜዳው ዙሪያ እንደበራ ቀረ። ይህን ዓይነቱን ብልሃት እኛም ሳንማር እናውቀዋለን።

አንድ ምሳሌ ብቻ ያለ ቀልድ ይነገር። ግንቦት 9 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. አክራ ላይ ኸርትስ ኦፍ ኦክ ከአሳንቴ ኮቶኮ ሲጫወት የተበሳጩ ደጋፊዎች ወንበርና ጠርሙስ ወረወሩ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሮጠ፤ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። 126 ሰው ሞተ። ወንበር የወረወረው ጥፋተኛ ነው። ሰው የሞተው ግን በጭሱና በቁልፉ ነው። እያንዳንዱ ባለ ስታዲየም ከተማ በዚህ ታሪክ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቁልፉን የያዘው ሰው ጨዋታው ሲያልቅ የት ነው የሚቆመው?

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናው በዝቶ ራስዎን ንጹሕ አድርገው እንዳይቆጥሩ። ስድቡን የሚያስጮኹት እርስዎ ነዎት። ሰው ብቻውን ሆኖ የሚያፍርበትን ቃል በሺህ ሰው መሃል አፍ ላይ የሚያስቀምጡ እርስዎ ነዎት። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የመጣ አባት በሁለተኛው አጋማሽ ልጁን ይዞ የሚወጣው፣ ሴት ደጋፊ «ቤት ሆኜ በስልክ ውጤቱን እሰማለሁ» የምትለው፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ትንፋሽ እርስዎን እርስዎን ስለሚል ነው። ጠርሙስ ወደ መስመር ዳኛ ሲወረወር እጁን ያቀለሉት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ይጠየቃሉ። የሚጠየቁት ግን በድርሻዎ ልክ ነው፤ የሌላውን ዕዳ ተሸክመው መኖርዎ ይብቃ።

የሌላው ዕዳ ደግሞ ብዙ ነው። አንድ ሰው ድንጋይ ሲወረውር ክለቡ በሙሉ ይቀጣል፤ ወርዋሪው በሚቀጥለው ሳምንት ያው ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስታዲየም ውስጥ ውሃ የሚሸጥ ሰው ሳይመደብ የውሃ ጠርሙስ በር ላይ ይወረሳል። ደጋፊ የሚያስተናግደው ቢጫ ሰደርያ የለበሰ የሠለጠነ አስተናባሪ መሆን ሲገባው ዱላ የያዘ ፖሊስ ነው፤ ፖሊሱም ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ መቆም ሲገባው ኳሱን ያያል። (አይፈረድበትም፤ እሱም ደጋፊ ነው።) ሕዝቡ ስድስት ሰዓት መጥቶ በሩ ስምንት ተኩል የሚከፈት ከሆነ ያን ሁለት ሰዓት ተኩል ማን እንደሚያስተናግደው ግልጽ ነው፤ እርስዎ ነዎት፣ ሌላ ማን አለ?

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፦ የቅጣት ደብዳቤ ሲጻፍ የወንበር ቁጥርና የሰው ስም እንዲኖረው፤ «ደጋፊው» የሚባል መታወቂያ ያለው ሰው በወልድያ ቀበሌዎች አልተመዘገበም።

ለወልድያ ከተማ አስተዳደር፦ በሩ ቀደም ብሎ እንዲከፈት፣ ውስጥ ውሃ እንዲሸጥ፣ መውጫ በሮች ጨዋታው ሳያልቅ ቁልፋቸው እንዲነሳ።

ለክለቦችና ለስፖንሰሮቻቸው፦ ለመረጃ ያህል።

ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ደጋፊ፦ አቶ አረቄን ከጨዋታው በኋላ፣ ስናሸንፍም ስንሸነፍም፣ እቤታቸው ሄደህ ጠይቃቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጉሮሮህን ለዜማው ተውለት፤ ጠርሙሱም ውሃ ይሁን።