ርስት ያበዛቸው አያቶች

በደቡብ ጎንደሮቹ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አያት አይጠፋም፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። ርስት በእናትም በአባትም በሚቆጠርበት ዘመን፣ ተሟጋች መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ሳይደናቀፍ ትውልድ እየቆጠረ ይወርድ ነበር። መሬቱ ለም ከሆነ ዘመድ ይጎርፋል፤ ጭንጫ ከሆነ የሚዛመደው የለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ አያቶቹም አብረው ጡረታ ወጡ።

አሁን የልጅ ልጅ አያቱን ፍለጋ በ1917 ዓ.ም. የተጀመረውን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ያገላብጣል። ራስም ደጃዝማችም ሞልቶበታል፤ አራሹን አያት ማን ይጻፈው?

ቢጻፍስ በየትኛው ስሙ? በቤት ስሙ፣ በክርስትና ስሙ ወይስ በፈረስ ስሙ? ካሣ፣ አባ ታጠቅና አፄ ቴዎድሮስ እንኳ አንድ ሰው ናቸው፤ እናታቸውን ጠላት «ኮሶ ሻጭ» ሲል፣ ወዳጅ የዘር ሐረጋቸውን ሰሎሞን ዘንድ አደረሰው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት በአንቺም ጦርነትማ ያው አንድ አያት፣ አክስት ስትተርክ ከራስ ጉግሣ፣ አጎት ሲተርክ ከመንግሥት ጦር ጋር ተሰልፏል።