ወተት ግዛ

አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ነገር የታወቀ ነው፤ የሥራ ዝርዝር መያዣ። ድረ ገጽ ላይ አንዲት ባዶ ሣጥን ትኖራለች። የሚሠራውን ይጽፍባታል፣ "ጨምር" የሚለውን ሲጫን ከታች ይሰለፍለታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይሰርዘዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፓይተንም ይማር ጃቫስክሪፕት፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው አስተማሪ ሕንዳዊም ይሁን አሜሪካዊ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ዛሬ አንዲት ቀላል አፕ እንሠራለን" ካለ ማምለጫ የለም። እሱን እንኳ ችዬዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ሥራ ነው። ቪዲዮ ብቀያይር፣ መጽሐፍ ባገላብጥ፣ ያው "ወተት ግዛ" ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። መቱ ውስጥ ወተት መግዛት የሚረሳ ማን ነው? ወተቱ ራሱ አይደለም እንዴ የሚመጣው? ጠዋት ጉሙ ገና ከሶር ወንዝ ላይ ሳይነሳ የጎረቤት ልጅ በሃይላንድ ሙሉ ወተት ይዞ በሩን ያንኳኳል። አንተ ብትረሳው እሱ አይረሳህም፤ ወሩ ሞልቶ ሂሳብ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ አይረሳህም። ጾም ሲገባ ግማሹ ሰፈር ያቆማል፣ ግማሹ ይቀጥላል፣ የታመመ ያለበት ቤት ትንሽ ይጨምራል። የላሚቱ ባለቤት ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ሣጥን የላቸውም፣ "ጨምር" የሚል ቁልፍ የላቸውም፣ የተሳሳቱበት ቀን ግን አላስታውስም።

ነገሩን ሳጠናው የደረስኩበት ይህ ነው። "ወተት ግዛ" ብሎ የሚጽፈው ሰው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። በሩን የሚያንኳኳ የለውም። ስለዚህ ራሱ ራሱን ያዝዛል፣ ራሱ ይታዘዛል፣ ራሱ ሰርዞ ራሱን ያመሰግናል። እኛ ዘንድ የሥራ ዝርዝር ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሚስት አለች፣ አማት አለች፣ ቀበሌ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝናብ አለ። ጎሬ ላይ በዓመት 2000 ሚሊሜትር ገደማ ይጥላል። "ነገ ምን ትሠራለህ?" ሲሉህ ሁነኛው መልስ "ካባራ እናያለን" ነው። ይህን የሚያስገባ ሣጥን ያለው አፕ እስካሁን አላየሁም። ዩኔስኮ በ2002 የመዘገበው የያዮ ደን ውስጥ እኮ ቡናው ማንም ሳያስታውሰው ያብባል፣ ማንም ሳይሰርዘው ያፈራል።

የሚያሳስበኝ ብዛቱ ነው። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው ሥልጠና 5 ሚሊዮን ኮደሮች ለማፍራት ያለመ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ የእኛ ሰፈር ወጣትም ሰርተፊኬቱን ቴሌግራም ላይ እየለጠፈ "እንኳን ደስ ያለህ" ይቀበላል። ግን ሁሉም በዩቲዩቡ ወግ ከጀመረ አስቡት፤ 5 ሚሊዮን የሥራ ዝርዝር፣ 5 ሚሊዮን "ወተት ግዛ"። ይህን ሁሉ ወተት የምትታለብ ላም ኢሉባቦር ውስጥ የለችም።

ዝርዝር ከተባለ እውነተኛውን ዝርዝር የያዘው ሰው ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎሬ ላይ ነበር። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥቱ ቀሪ ሥራ ተንከባሎ ጎሬ ላይ ወደቀ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የተረፈውን መንግሥት እንዲመሩ ተደረገ፤ ራስ እምሩም ከሰሜኑ ጦርነት የቀረውን ሠራዊት ይዘው ወደዚያው መጡ። ቢትወደድ ማታ በፋኖስ ቁጭ ብለው ዝርዝር ቢጽፉ ምን ይል ነበር? "ጥይት ፈልግ። ለወታደሩ ስንቅ ፈልግ። ከእንግሊዝ ቆንስል ጋር ተነጋገር። በባሮ በኩል ከጋምቤላ ምን እንደመጣ አጣራ። አገር አድን።" ኅዳር 1929 ጣሊያን ጎሬ ሲገባ ከዝርዝሩ ስንቱ እንደተሰረዘ መገመት ነው። ያንን ዝርዝር የሚችል አፕ ቢሠሩ ኖሮ ኮፍያዬን አወልቅ ነበር።

ወደ ጉዳያችን። ወተት ላልገዛ ማልኩና ጃቫስክሪፕትን የምማረው የሰፈራችንን እድር መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በማውጣት እንዲሆን ወሰንኩ። የእኔ ትውልድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፕሮግራሚንግ የተማረው በእስክሪብቶ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ አንዲት ሰሚኮለን ብትጎድል ነጥብ ተቀንሶብን፣ ኮዱ ሲሠራ ግን ሳናየው ተመርቀናል፤ ዋናን በጥቁር ሰሌዳ እንደ መማር ያለ ነገር ነበር። ስለዚህ በእውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ገንዘብ፣ በእውነተኛ ለቅሶ ላይ መማር አምሮኝ ነበር።

ጃቫስክሪፕት በግንቦት 1987 ብሬንዳን አይክ የተባለ ሰው ኔትስኬፕ ውስጥ ተቀምጦ በ10 ቀን የሠራው ቋንቋ ነው። በ10 ቀን አንድ ሰው ምን ሊያደርስ ይችላል? የቀን መቁጠሪያው ጃቫ ከሚባል ሌላ ቋንቋ እንዳለ ተገልብጦ ገባ። እዚያ ላይ ጃንዋሪ 0 ነው፣ ዲሴምበር 11 ነው፣ ቀኖቹ ግን ከ1 ይጀምራሉ። ለምን? ለምን አትበሉ። የእኛ እድር ግን መዋጮ የሚሰበስበው ወር በገባ በ12 ነው። አስተማሪዬ "ለሚቀጥለው ክፍያ 30 ቀን ደምሩ" ይላል፣ በሙሉ ልብ። ነሐሴ 12 ላይ 30 ቀን ብትደምር መሐል ላይ ጳጉሜን አለች፤ መስከረም 7 ላይ ትወድቃለህ። በሚካኤል የሚከፈለው በሥላሴ ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 2 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ ሲመጣማ ጳጉሜን 6 ትሆንና ሌላ አንድ ቀን ትወስዳለች። እንዲህ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ምእመኑ ታቦት ሲያወጣ እኛ መዋጮ ስናወጣ እንገናኛለን።

ለቅሶው ደግሞ ይብሳል። አንድ ሰው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢያርፍ፣ ማሽኑ ሰዓቱን ወደ ግሪኒች ወስዶ ሦስት ሰዓት ይቀንስና ሰኞ ማታ ሞተ ብሎ ይመዘግበዋል። ሰኞ ማታ እኮ ሰውየው ከእኛ ጋር ነበር! ጸሐፊው "8 ሰዓት" ብሎ እንዳለ ከጻፈው ደግሞ ማሽኑ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ያደርገዋል፤ ያኔ ሟቹ ተገንዞ፣ ሰዉ ድንኳን እየተከለ ነው። መነሻው ሁሉ አንድ ነው። ኮምፒውተር ዘመን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ጎሬ ያኔ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ሰዉ ተኝቷል፤ ዘመን በላዩ ላይ ተጀመረ። ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ለማሽኑ ከዜሮ በታች ነው። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅም ከነዝርዝራቸው ኔጌቲቭ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነው። አሁን ግን አልስቅም።

አንድ ቀን ኮፒ ቤት ወረቀት ላሳትም ገብቼ አንዲት የገጠር እናት ልጃቸውን አዝለው ቆመዋል። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ላይ ባወጣው ፎርም የልጁን መረጃ እያስሞሉ ነው። ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 3 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት የወራቱን ዝርዝር ቁልቁል ወረደ፣ ሽቅብ ወጣ። መስከረም አለ፣ ጥቅምት አለ፣ ነሐሴ ላይ ያልቃል። በአፋን ኦሮሞ "ሀርሜ፣ ጳጉሜን የለም፤ ነሐሴ ልበለው መስከረም?" አላቸው።

"የወለድኩት በጳጉሜን ነው።"

"አውቃለሁ፣ ግን አይቀበልም።"

"ማነው የማይቀበለው?" አሉት።

ወጣቱ መልስ አልነበረውም፤ ነሐሴ 30 አለው። እኔ ግን ጥያቄው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ማነው የማይቀበለው? ማሽኑ እንዳይባል ማሽኑ ይቀበላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ቤቴ ገብቼ ብሮውዘሩን ከፍቼ፣ ይህን ቀን በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገረኝ የምትል አንዲት መስመር ኮድ ጻፍኩ። "ጳጉሜን 3" ብሎ ቁጭ አደረገው፤ ያውም በግዕዝ ፊደል፣ ምንም ሳልጭንበት። በ10 ቀን የተሠራው፣ ጃንዋሪን ዜሮ የሚለው ያ የምንስቅበት ቋንቋ ዛሬ ጳጉሜንን ያውቃል። የማያውቃት እዚሁ ተወልዶ፣ በሩፋኤል ዝናብ ራቁቱን ሲታጠብ ያደገ፣ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር "ይቺ ደመወዝ የሌላት ወር" እያለ የሚያማርር የአገሬ ሰው ነው። ቪዲዮው ላይ 12 ወር አየ፣ 12 ጻፈ። አላሰበም፣ አልጠየቀም፣ ካላንደር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀና ብሎ አላየም። ገልብጦ፣ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ሄደ። "ወተት ግዛ" ብሎ ቢቀር ይሻለን ነበር፤ እሱ ቢያንስ ከማንም ሕፃን ዕድሜ ላይ ቀን አይነጥቅም!

ይቅርታ፣ ትንሽ ሞቀኝ። ፎርሙን የሠራውም ልጅ አለቃው "እስከ ዓርብ ጨርስ" ብሎት ይሆናል፤ ዓርብ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ምን ይታወቃል።

የእድሩን ነገር ግን ገፋሁበት። ሲደራጅልኝ ላፕቶፑን ይዤ የእድራችን ጸሐፊ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊያችን ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። መዝገባቸው ጠርዙ በፕላስተር የተያዘ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ነው፤ ቀዩ ያልከፈለ ነው፣ ከቀዩ ላይ ሰማያዊ የተደረበበት ደግሞ ከተወቀሰ በኋላ የከፈለ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አስደረጉኝ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

"እንዲያው ልጄ፣" አሉኝ፣ "ይሄ ነገር ማን እንደሞተ ያውቃል?"

"ስንነግረው ያውቃል፣ ጋሼ።"

"እኔ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ።"

ምን ይመለሳል? እሳቸው የሚያውቁት ከጥሩምባው በፊት ነው፤ የማን ቤት መብራት በሌሊት እንደበራ፣ የማን ውሻ እንዳላዘነ። ቀጠሉና "የጳጉሜንን መዋጮ ምን አደረግከው?" አሉኝ። በጳጉሜን እንደማይከፈል፣ ለዚያም ተጨንቄ እንደሠራሁት አስረዳሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ድሮ ይከፈል ነበር። ግማሽ። ማን እንዳስቀረው መዝገቡ ላይ አለ፤ የቀድሞው መዝገብ ላይ" ብለው ወደ ቆጡ ቀና አሉ። ቆጡ ላይ ያለው መዝገብ ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ወሬው ግን ወጣ። አንድ ቡና ሰብሳቢ "ለእድር የሠራህልኝን ለእኔም ሥራልኝ" ብሎ ያዘኝ፤ እድሩ ላይ እሱም አባል ነው። የሚፈልገው ቀላል ነው አለ፤ ከገበሬው የገዛውን ጀንፈል በፈረሱላ ይመዝግብለት። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ማካፈል ነው፣ ምን አለበት? ያለበት ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ደምር ሲሉት 0.30000000000000004 ማለቱ ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው 4 የማን ናት? የገበሬው ነው የሰብሳቢው ኪስ የምትገባው? ይህን ስነግረው ሰውየው በጥሞና አዳመጠኝና፣ እሷን ተዋት፣ ዋናው ምርቃቱ ነው አለ። ገበሬው ከተመዘነ በኋላ በእፍኙ ጣል የሚያደርጋት ምርቃት የት ትጻፋለች? ክብደት ናት ዋጋ? ካልተጻፈች ከጆንያው ጋር አይገጥምም፤ ከተጻፈች ምርቃት መሆኗ ቀረ። እኔም ሰው ማጠያየቅ ጀመርኩ። የበደሌው ነጋዴ ምርቃት ከሚዛን በፊት ነው ይላል። የያዮው ከሚዛን በኋላ ነው ብሎ ይምላል። የሁሩሙው ደግሞ ምርቃት የሚባል ነገር ከድሮ ሰው ጋር ቀርቷል ባይ ነው፤ ይህን ሲል ግን እጁ ጆንያው ውስጥ ነበር። ሦስቱን አንድ ቦታ አስቀምጦ የሚያስማማ ሽማግሌ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።