ሰንሰለት ካለ ሁሉ አለ

ቡችላ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ምን መገዛት እንዳለበት አዲስ አበቤ ተስማምቶ የጨረሰው ጉዳይ ነው። በታክሲ ታሪፍ የማይስማማው፣ በእግር ኳስ ክለብ የማይስማማው፣ ለዕድር መዋጮ ሦስት ስብሰባ የሚያስጠራው ጎረቤት ሁሉ እዚህ ላይ ቃሉ አንድ ነው፤ ሰንሰለት። ከመንገድ ዳር ሻጩ ጋር ገና ዋጋ እየተከራከሩ ሳለ ሰንሰለቱ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ሰንሰለት አይቶ «ይሄማ ውሻ ያስፈልገዋል» ብሎ ቡችላ ፍለጋ የወጣ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

የሰንሰለቱ አመራረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቡችላው ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ ሰንሰለቱ ግን የተበላሸ አይሱዙ የሚጎትት መሆን አለበት። «ያድጋል እኮ!» ይባላል። ለልጁ ዩኒፎርም ሁለት ቁጥር አስበልጦ የሚገዛ አባት ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ርዝመቱ ግን ብዙ እንዳይሆን፤ ከምግቡ እስከ ኩሱ ከደረሰ ሌላ የት ሊሄድ ኖሯል?

የእንስሳት ሐኪሞች አንድ የሚያሰለች ወሬ አላቸው። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜው ድረስ ያየውን፣ የሰማውንና ያሸተተውን ሁሉ የዓለም ልማድ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ያኔ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ሞተር ሳይክል ያላየ ውሻ በኋላ ሁሉንም ይፈራቸዋል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል ይላሉ። እኛ ምክሩን በሚገባ ሰምተን ነው የምንሠራበት። በእነዚያ ሳምንታት ከቆርቆሮ አጥርና ከዘበኛው ቦት ጫማ በቀር አንዳች እንዳያይ አጥብቀን እናስረዋለን። ሲያድግ በጃንጥላ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሲጮህ «ዘሩ ነው! የጀርመን ደም!» እያልን እናደንቃለን። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል አንዲት ፍሬ ቺዋዋ ነበረቻቸው፤ ያለ ሰንሰለት ቤተ መንግሥቱን እንደ ልቧ ስትመላለስበት ኖራለች። እርግጥ ነው፣ እሳቸው የክብር ዘበኛ ነበራቸው። እኛ ያለን የተሰባበረ ጠርሙስ የተተከለበት አጥር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የካሜራ ዐይን ብቻ ስለሆነ ቡችላ ከማሰር ሌላ ምን አማራጭ አለን?

ስለ ዘሩ ካነሳን፣ ሻጩን ማመን ግዴታ ነው። አባቱ ፖሊስ ቤት ይሠራል፤ እናቱ ኤምባሲ ናት። ከእኛ ከገዢዎቹ የተሻለ የሥራ ልምድ ያለው ቤተሰብ ነው። ዕድሜውም ሁልጊዜ «ሁለት ወር» ነው። የቡችላ ዐይን የሚገለጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ብርሃኑን ገና ያልለመደ ይመስላል፤ ቢሆንም ሁለት ወሩ ነው። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት እንደሌለበት ሻጩም ሰምቷል፤ ስለዚህ ካርቶን ውስጥ ያለ ቡችላ ሁሉ 8 ሳምንት ሞልቶታል።

ካርቶኑን አይጣሉት። ወንድ ብለው ያመጡት ቡችላ ሴት ሆና ብትገኝ፣ ወይም የጎረቤት ውሻ ሳይታሰብ ስድስት ወልዳ አራቱ ሴት ቢሆኑ፣ ካርቶኑ በሌሊት ወደ ወንዝ ዳር የሚደረገውን ጉዞ ያቃልላል። «የፈለገ ያንሳቸው» ብሎ መንገድ ዳር ማስቀመጥማ እንደ ምጽዋት ይቆጠራል። ከሞት የተረፉት የሰፈር ውሻ ይሆናሉ፤ ይዋለዳሉ፤ ሌሊት ይጮኻሉ። ያን ጊዜ እኛው እንቅልፍ አጣን ብለን አቤት እንላለን፤ መርዝ የተደረገበት ሥጋ ይበተናል፤ ጠዋት ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሬሳ እየዘለሉ ያልፋሉ። ማምከን የሚባል ቀላል ቀዶ ሕክምና እንዳለ የሚነግረን ሰው ከተገኘ ግን ደንግጠን «ኧረ ነውር ነው፤ የእግዜር ፍጥረት እኮ ነው» እንላለን። በፍጥረት መቀለድ አንወድም።

የምግብ ሳህን መግዛት ብክነት ነው። ጆሮው የወለቀ አሮጌ ድስት ከየቤቱ አይጠፋም። ውሃውን ሰማይ ይሰጣል፤ በበጋ ደግሞ ውሻ ታጋሽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የላም ወተት ይቀርብለታል፤ ብዙ ቡችላ አይስማማውምና ያስቀምጠዋል፤ ሰውነቱ የተጎዳው ምግብ ቢያንሰው ነው ተብሎ ወተቱ ይጨመርለታል። ከዚያ ወደ ወጥ ይሸጋገራል።

የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የተቁላላ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም የበላ ውሻ ደሙ ላይ ጉዳቱ ይታያል፤ ለባለ ሦስት ኪሎ ቡችላ ይህ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። የፋሲካን ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገባበት የሚያውቅ ያውቀዋል። የድስቱ ግርጌ ተጠርጎ ይሰጠዋል፤ በላዩ የዶሮ አጥንት፣ ተቀቅሎ የደረቀ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ የሚሾል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡችላው ድዱ ነጥቶ ጥግ ይዞ ቢተኛ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ያቺ ሰሞኑን «እንዴት ያምራል!» ብላ ያለፈች ሴትዮ ናት። ዐይኗ ኃይለኛ ነው።

ሳንባውን ግን ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ። የበዓል ዕለት በግ ይታረዳል። ሆዱ ተከፍቶ ሳንባው ሲወጣ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይታይበታል። አራጁ በጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ይሄ አይበላም። ለውሻው።» ፊኛው ውስጥ ያለው ኢኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ዘመድ ትል እጭ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ውሻ አንጀት የሚያደርሰው ደግ ሰው። እዚያ ከደረሰ ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ሆኖ እንቁላሉን ከውሻው ኩስ ጋር ያወጣል፤ እንቁላሉ ከጠጉሩ ላይ ወደ ልጅ እጅ፣ ከልጅ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ልክ በበጉ ሳንባ ላይ እንደታየው ያለ ፊኛ በሰው ጉበት ላይ አብጦ በአልትራሳውንድ ይገኛል። ሥጋ በነፃ ያደለ ጌታ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው ቢሉት ደግሞ «ለልጆቼም አልሰጥ!» ብሎ አፍዎን ያስይዝዎታል፤ እውነቱን ነው።

የስም ነገር አያስቸግርም፤ ቦቢ ነው። የበሩ ማስታወቂያ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል፤ ቡችላው አጮልቆ የሚያይበት ቀዳዳ ላይ መድረስ ሳይችል ተጽፎ ይሰቀላል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ጓሮ ውሻ ነው። የሶፋ ውሻ የሚያሳድጉ ወገኖች ቅር እንዳይላቸው ስለ እነሱም ላውራ። እዚያ ቤት ሰንሰለት የለም፤ ነውር ነው። ባለ ኮፍያ ሹራብ አለ፣ የአንገት ሪባን አለ፣ ሽቶ አለ፣ የልደት ኬክ አለ፣ የራሱ የኢንስታግራም ገጽ አለው። አማርኛ አይነገርበትም፤ «ሲት!» እና «ካም ሂር!» ነው፤ ሠራተኛዋ እንኳ የሚያስፈልጋትን ያህል እንግሊዝኛ ከውሻው ጋር አብራ ተምራለች። ከነጭ ጠጉሩ ስር መዥገር እንደ ባቄላ አብጦ ተጣብቋል፤ ሹራቡ ግን ይሸፍነዋል። የሁለቱን ቤት ጌቶች አንድ ቦታ ብናገናኛቸው ይናናቃሉ፤ አንዱ «ጨካኝ» ይላል፣ አንዱ «ቅንጦተኛ»። የክትባት ካርዱን አምጡ ቢባሉ ግን ወንድማማቾች ይሆናሉ፤ ሁለቱም ዘንድ የለም።

ክትባት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለታይታ አይመችም። ሰንሰለት ይንኳኳል፤ ሹራብ ይታያል፤ ክትባት ግን ቆዳ ስር ገብቶ ዝም ይላል። ማን ያየዋል? ለፓርቮና ለዲስቴምፐር ከ6ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እየተመላለሱ መከተብ፣ በ3 ወሩ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ መርፌ ማስወጋት፤ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ሥራ ፈት መሆን አለበት። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የሚይዘው በውሻ ነው፤ አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከዐሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለንም። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለን፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 በውሻ የተነከሰን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው የሉዊ ፓስተር ስም ነው። ሆዳቸው ላይ በተከታታይ ቀናት የተወጉ አዛውንቶች ዛሬም መርፌውን ሲያስታውሱ ሆዳቸውን ይይዛሉ። ያ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት እንዲቀር የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አገልግሏል። በሽታውን የሚያስታውሰው የዓለም ቀን ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ይውላል፤ ያን ዕለት የከተማው ውሻ ሁሉ የበዓሉን ሳንባ ጠግቦ ተኝቷል።

ሆኖም አንድ ቀን ቦቢ ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤት ልጅ ባት ላይ ይሰፍራል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ለዚህም የተዘጋጀ ነገር አለ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው ይባላል፤ እኛ ቡና እንነሰንስበታለን። የነከሰውን ውሻ ሳይገድሉ 10 ቀን መከታተል ያስፈልጋል ይባላል፤ እኛ ግን ወይ እዚያው በድንጋይ እንጨርሰዋለን፣ ወይ በሌሊት መኪና ኋላ ጭነን ከከተማ ወጥተን እንለቀዋለን፤ የገጠሩም ሕዝብ የጀርመን ዘር ይድረሰው እንጂ። የሕክምናው ወጪ የጎረቤት ነው። ልጁ በሥፍራው ባይገኝ ኖሮ አይነከስም ነበርና።

ባለ ውሻው ጌታ ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ አመሻሹ ላይ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው ልጁን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ገና ከመቀመጣቸው የልጁ እናት ትጠይቃቸዋለች፤ «ጋሼ፣ ውሻው ተከትቧል?»

ጋሼ ይስቃሉ፤ ቅር ያላቸውም ይመስላል። «ኧረ ምን ማለትሽ ነው፣ የእኔ ልጅ! ንጹሕ ውሻ እኮ ነው። በየሳምንቱ በኦሞ ነው የሚታጠበው።»