«በጣም እስማማለሁ»

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ዘንገና ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው መጠይቅ ሳይሞላ አይነሳም። ተማሪዎቹ ሦስት አራት ሆነው ከእንጅባራ በባጃጅ ይመጣሉ፤ አንዷ ወረቀቱን፣ ሌላው እስክሪብቶውን፣ ሦስተኛው ቆሎውን ይዟል። ርዕሳቸው «የጎብኚዎች አካባቢያዊ አመለካከትና ባህሪ» ከሚለው ብዙ አይርቅም።

«ቆሻሻ በየቦታው መጣል ተገቢ አይደለም» ይላል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። መልሱ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» በአምስት ሳጥን ተደርድሯል፤ አሜሪካዊው ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው መለኪያ እነሆ ዘንገና ያለበት አዊ ዞን ደርሷል። ታዲያ ፊቱ ለቆመች ልጅ «እኔስ መጣል ደስ ይለኛል» የሚል ማን ነው? ይሉኝታ የት ሄዶ! ከብት የሚጠብቁት አዛውንት እንኳ አይቀርላቸውም።

«ልጄ፣ የትኛው ላይ ምልክት ላድርግልሽ?»

«ደስ ያለዎት ላይ አባባ።»

«አይ፣ አንቺን ደስ ያለሽ ላይ ይሁን።»

«በጣም እስማማለሁ» ላይ ተደረገ።

ከከተማ የመጣው ጎብኚም ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ይፈርምና የጠጣበትን ሃይላንድ ቁጥቋጦ ስር ሻጥ አድርጎ ይሄዳል። አጥኚዎቹ አላዩትም፤ ወረቀት እየቆጠሩ ነው። የቆሎው ፌስታልም አብሯቸው ባጃጅ ሲሳፈር አይታይም።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ሊዮናርድ ቢክማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት 500 ያህል ሰዎች ስለ ቆሻሻ ተጠይቀው ነበር። 94 በመቶው ማንሳት የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊነት ነው አሉ። ሆን ተብሎ መንገዳቸው ላይ የተጣለውን ቆሻሻ ያነሱት ግን 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ቢክማን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን የሰዎቹን እጅም አየ፤ የኛ ተማሪ ከጠየቀ በኋላ ባጃጅ ይጠራል።

የተማሪዎቹ ወረቀት ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ምዕራፍ አራት ላይ ጎብኚው እጅግ አዎንታዊ አመለካከት እንዳለው ይረጋገጣል። ምዕራፍ አምስት ላይ ለዚያው ጎብኚ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲሰጠው ይመከራል። ሁሉም በጣም ከተስማማ ግንዛቤውን ማን ሊጨብጠው ነው? ይህን የሚጠይቅ ፈታኝ ብርቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው የኅዳጉ ስፋት ነው።

ሐይቁ ግን አይስማማም። ዘንገና የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ 166 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ውሃ ነው፤ ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚወስድለት ወንዝ የለም። ከጠርዙ ዝናብ ያንከባለለው ሃይላንድ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ሰው ቆሻሻ ባየበት ይበልጥ እንደሚጥል አሳይተዋል። የዛሬው ሃይላንድ፣ እንግዲህ፣ የነገው ጠሪ ነው።

አማካሪ መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ለአንድ ዓመት መጠይቅ ከልክሉ። ተማሪው ዛፍ ስር ይቀመጥና ማን ምን እንደጣለ ይቁጠር፤ አንድ ቀን ዳርቻው እንዳለ፣ አንድ ቀን ከተጠረገ በኋላ። ኤስፒኤስኤስ ይህንንም ቁጥር ይቀበላል። ቆጠራውን ግን ከራሱ ፌስታል ይጀምር።