አልማዝን ለማን ዳሯት?

«መጀመሪያ ሰላም፣ ፍትሕ በኋላ» አልክ አሉ። ጥሩ ብለሃል። በኋላ ስንት ሰዓት ነው? በሐበሻ ቀጠሮ ነው ወይስ በፈረንጅ? ለክፋት አይደለም የምጠይቅህ፤ እነዚህ የከበቡን ሰዎች ሰዓታቸውን ሊሞሉ ፈልገው ነው።

ጎበዝ፣ ጠጋ በሉ። ይኼ ወንድማችን ሰላም ያውቃል። ከሰላም የሚያውቀው ግን ሰላምታውን ነው። ሁለት ሰዎች ካሜራ ፊት ከተጨባበጡለት «አበቃ፣ ታረቁ» ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላየም። መብራት ሄዶበት አይደለም፤ ራሱ ነው ያጠፋው።

ክርክሩ አንዲት ናት፤ እሷም የተበደራት ናት። «የታጠቀ ሰው ፍርድ ቤት ይጠብቅሃል ካልከው ከጫካ አይወጣም።» ይቺን ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ምሥጢር የሚነግረን ይመስል። እሺ ጌታዬ። እኔ ደግሞ «ፍርድ ቤት አይጠብቅህም» ተብሎ የወጣውን ላስተዋውቅህ።

ፎዳይ ሳንኮህ ይባላል፤ አገሩ ሴራሊዮን። የሠራዊቱ አሥር አለቃ ነበረ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺ ሆነ። ምነው በዚያው ፎቶውን እያነሳ በቀረ! ጠመንጃ አነሳ። ጊዜው 1991 ነው፤ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ። በኛ ቆጥሬ «ዓመተ ምሕረት» ካልኩህ፣ አንተ ምሕረት ተደረገ ብለህ ልትፈርምልኝ ነው።

የሳንኮህ ሰዎች በምን ታወቁ? የሰው እጅ በመቁረጥ። ልጆችን ከቤታቸው ወስደው ጠመንጃ አሸከሙ፤ ሴቶችን «ሚስት» እያሉ ጎተቱ። በ1999 መጀመሪያ ቀደም ሲል መፈንቅለ መንግሥት ካደረጉ ወታደሮች ጋር ሆነው ዋና ከተማዋ ፍሪታውን ገብተው ያደረጉትን በተረብ አልነካውም። ተረብም ወሰን አለው።

አለቃቸው ያን ጊዜ ታስሯል፤ በአገር ክህደት ሞት ተፈርዶበታል። እንግዲህ ተመልከቱልኝ። በጁላይ 1999 ሎሜ፣ ቶጎ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሞት የተፈረደበት ሰው ምን ሆኖ ወጣ? ነፃ? ነፃ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ሙሉ ምሕረት ተሰጠው። ለምርቃት የምክትል ፕሬዚዳንት ማዕረግ ተጨመረለት። ለምርቃቱ ምርቃት ደግሞ የአገሪቱን ማዕድን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት። አልማዝን ሰጡት እኮ! አልማዝ ስል የጎረቤታችን ልጅ አይደለችም። ከመሬት የምትወጣዋ፣ ጥይቱ ሁሉ በሷ ሲገዛ የኖረው። ሰውዬው አልማዝን ጠልፎ ጫካ ገባ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሄዱና... አልማዝን ዳሩለት። ከነጥሎሿ! አንተም ዳሱ ሥር ቆመህ ዕልል አልክ። እሺ፣ ጠላፊው ሙሽራ ከሆነ የመንደሩ ጎረምሳ ምን ይማራል? የፍቅር ደብዳቤ መጻፍ?

እጅ ቆራጩ እጁን ሳይሰጥ እጅ መንሻ ተቀበለ። ሕዝቡ ደግሞ አጨብጭብ ተባለ። በየትኛው እጁ?

በዚያ ሁሉ ድግስ ምግቡ ያልወረደለት አንድ ሰው ነበር፤ ፍራንሲስ ኦኬሎ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተወካይ። ሲፈርም፣ ምሕረቱ የዘር ማጥፋትን፣ በሰብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልንና የጦር ወንጀልን እንደማይመለከት በእጁ ጻፈበት። አንተ እዚያ ብትኖር «ወረቀቱን አቆሸሽክብን» ብለህ ላጲስ ታመጣ ነበር። በ2004 የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት የሎሜው ምሕረት ከነዚህ ወንጀሎች ክስ አያድንም ብሎ ወሰነ። የታተመው ቀረ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው ሠራ።

«ሰላሙስ? መጣ አይደል?» መጣማ። መጥቶ ቁጭ እንኳ ሳይል ወጣ። በሜይ 2000 የሳንኮህ ጦር አምስት መቶ ያህል የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎችን አገተ። ሰላም አስከባሪዎቹ ተከበሩ፤ ይቅርታ፣ ተከበቡ። በዚያው ወር ሕዝቡ ሳንኮህ ቤት ድረስ በሰልፍ ሄደ። ተተኮሰበት፤ ሃያ ያህል ሰው ሞተ። ፊርማው ገና ዓመት አልሞላውም። ለነገሩ ከሎሜ በፊት አቢጃን ነበረች፣ በ1996። እዚያም ክስ የለም ተባብለው ተፈራርመዋል፤ እሱም ከሽፏል። አንተ ሁለቴ የከሸፈውን ሦስተኛ ካላከሸፍኩ ትላለህ። ልምድ ነው መሰለህ።

አሁን ቡናህን አስቀምጥና ይቺን ስማ። ሰውዬው ተያዘ፣ ምሕረቱ ገደል ገባ። ሴራሊዮንና የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ፍርድ ቤቱን ለማቋቋም የተፈራረሙት መቼ ነው? ጃንዋሪ 16 ቀን 2002። ጦርነቱ አበቃ ተብሎ የታወጀውስ? ጃንዋሪ 18። ሁለት ቀን! አንተ «አብረው አይሄዱም» ስትል እነሱ በአንድ ሳምንት ገቡ። ጦርነቱን ያቆመው ፍርድ ቤቱ ነው አላልኩም፤ አትጠምዝዘኝ። የእንግሊዝ ጦር አለበት፣ የጊኒ ጦር አለበት፣ የተጠናከረው ሰላም አስከባሪ አለበት። እኔ ያልኩት ፍትሕ በበር ሲገባ ሰላም በመስኮት አልዘለለም ነው።

ኧረ ጎረቤትም አለ። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር፣ የሳንኮህን ሰዎች ከጀርባ ሲረዳ የኖረው። በጁን 2003 የላይቤሪያ የሰላም ድርድር አክራ ላይ በተከፈተበት ዕለት የተከሰሰበት ወረቀት ይፋ ወጣ። ያንተ ቢጤዎች ራሳቸውን ያዙ። «አበላሻችሁት! ከእንግዲህ ማን ይፈርማል?» በኦገስት ቴይለር ሥልጣን ለቀቀ። በዚያው በኦገስት ስምምነቱ ተፈረመ። ክሱ ያበላሸው የቴይለርን ፕሮግራም ብቻ ሆነ። በ2012 ዘ ሄግ አጠገብ 50 ዓመት ተፈረደበት።

ሳንኮህ ግን ፍርዱን አልሰማም። በ2003 ተከሰሰ፣ በዚያው ዓመት በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ያንተ «በኋላ» ማለት ይቺ ናት። ፍትሕ ስንጠብቅ ፍትሐት ይቀድማል።

«የኡጋንዳው አማጺ ኮኒስ?» አለ! እሰይ፣ እኔም እሱን ስጠብቅ ነበር። «ኮኒ ያልፈረመው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ማዘዣ ስላወጣበት ነው።» ማዘዣው የወጣው በ2005። ኡጋንዳ የምሕረት ሕግ ያወጣችው በ2000። አምስት ዓመት ሙሉ በሩ ተከፍቶለት ምን ይሠራ ነበር? የጫማውን ክር ሲያስር? በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎቹ በዚያ በር ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ታፍነው የተወሰዱ ናቸውና ለነሱ ምሕረት ሲያንስ ነው። እሱ ግን ዝር አላለም። በ1994 ቤቲ ቢጎምቤ ጫካ ድረስ ሄዳ ስታነጋግረውስ? ያኔ ፍርድ ቤቱ አልተወለደም፤ ስምምነቱም ሳይወለድ ጨነገፈ። የጁባው ድርድር ራሱ የተጀመረው ማዘዣው ከወጣ በኋላ ነው፣ በ2006። በ2008 «ና ፈርም» ተብሎ፣ ሰው ሁሉ ጠረፍ ላይ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ቀረ። ቀጠሮ ላይ ካንተ የባሰ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ይታሰር?» ውይ! ከምሕረት ዘለህ ወህኒ ቤት ገባህ? መሐል ላይ ምንም ቦታ አልታየህም? አለ እኮ፤ ኮሎምቢያ ይባላል።

መንግሥትና አማጺው ፋርክ ሃቫና ላይ ሲደራደሩ፣ በ2014 ስድሳ ተጎጂዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በአምስት ዙር መጡ። በፋርክ የተጎዳ አለ፣ በወታደር የተጎዳ አለ፣ በፓራሚሊተሪ የተጎዳ አለ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ተናገሩ። አንተ በምታውቀው ድርድር ተጎጂ የሚገባው በአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ነው። እሱንም አርባ ሰከንድ ላይ አንዱ ይስልና ይቀመጣል።

ስምምነቱ ምን አለ? ለተራው ተዋጊ ምሕረት አለ፤ ለከባዱ ወንጀል የለም። ከባዱን የሠራ፣ እውነቱን ሙሉ ከተናገረ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ነፃነቱ ተገድቦ የካሳ ሥራ ይሠራል። ዋሽቶ ከተፈረደበት እስከ 20 ዓመት እስር ቤት። በቅጣቱ ዓይነት ተከራከሩ፣ ተቀናነሱ፤ እውነቱ ላይ ግን ቅናሽ የለም። ጫካ የነበሩት ይኼን ሰምተው ምን አደረጉ? ወጡ! በ2017 መሣሪያቸውን ለተባበሩት መንግሥታት አስረከቡ። ሁሉም አልወጣም፣ ተገንጥሎ የቀረ አለ። ግን አንተ «አይወጣም» ነበር ያልከው፤ በሺዎች ወጡብህ።

«ሕዝቡ ሪፈረንደም ላይ እምቢ ብሎ የለ?» ብሏል፤ በ2016፣ ግማሽ በመቶ በማይሞላ ልዩነት። ለምን እንዳለስ ጠይቀሃል? «ፍትሑ በዛብን» ብሎ መሰለህ? የእምቢ ባዮቹ ዋና ጩኸት «ቅጣቱ አነሰ» ነበር! ያንተ ምስክር ለኔ መሰከረ። አበሉን ግን አንተ ክፈለው።

በ2025 ስምምነቱ ባቋቋመው ፍርድ ቤት ሰባት የቀድሞ የፋርክ ቁንጮዎች በእገታ ወንጀል ስምንት ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ወህኒ ሳይሆን የካሳ ሥራ። የታገተው ሰው ከ21,000 በላይ ነው። «ቀለለ» ብለው የተቆጡ ተጎጂዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እነሱ ግን የሚቆጡበት ፍርድ አላቸው። ያንተዎቹ የሚቆጡበትም የላቸው።

ያው ፍርድ ቤት ሌላም መዝገብ አለው። ከ2002 እስከ 2008 የመንግሥት ወታደሮች ቢያንስ 6,402 ሰላማዊ ሰዎችን ገድለው «ሽምቅ ተዋጊ ደመሰስን» እያሉ አቅርበዋል ብሏል።

ምነው ፊትህ ተቀየረ? እናንተዬ፣ አያችሁልኝ? እስካሁን «የጫካውን ሰውዬ እንማረው» ሲል ለጫካው ሰውዬ አዝኖ መስሎን ነበር። ለካ ከጫካው ሰውዬ ኋላ የቢሮው ሰውዬ ተሰልፏል! ሎሜም እንዲሁ ነበረች። ምሕረቱ ለአማጺው፣ ለወታደሩ፣ ለመንግሥት ደጋፊ ሚሊሻውም ነበር። ተደራዳሪዎቹ ተደረደሩና ተማማሩ። ሁሉም ተማሩ፤ ግን አንዳቸውም አልተማሩም።

ለዚህ ነው የሴራሊዮኑ ልዩ ፍርድ ቤት የሚሊሻውን መሪ ሳም ሂንጋ ኖርማንን፣ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፣ ሲይዘው ብዙ ሰው የጮኸው። ለብዙዎች ጀግና ነበር፤ ጩኸታቸው ይገባኛል። ግን የተሸናፊን በር ብቻ የሚያውቅ ፍርድ ቤት አድራሻው ተሳስቷል።

«አገርህ ግባ እንጂ፣ ኮሎምቢያ ምን ወሰደህ?» አሉ ከኋላ የቆሙት ጋሼ። ልክ ነዎት ጋሼ። ኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ይኑር ይላል፤ ተጠያቂነት፣ እውነት፣ ካሳ፣ ዕርቅ። ፖሊሲውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2024 አጸደቀው። ደስ አለን። የሽግግር ፍትሕ ሲባል እኛ የሚሸጋገረው አገሩ መስሎን ነበር። ለካ ፍትሑ ኖሯል፣ ከበጀት ዓመት ወደ በጀት ዓመት።

ይኸው የመጨረሻዋን ካርታ መዘዘ። «እኛ ይቅር ባይ ሕዝብ ነን!» እኛ ማን? አንተን ማን ነካህ? ልጇን የቀበረችው ሴትዮ ገና አፏን ሳትከፍት አንተ በሷ ስም ይቅር አልክ። ውክልና ሰጥታሃለች? ማኅተም አለው?

ያንተን ይቅር ባይነት ደግሞ እዚህ የቆመው ሁሉ አይቶታል። ባለባጃጁ ልጅ ስፖኪዮህን ሲሰብርብህ «ይቅርታ ጋሼ፣ በእናትዎ» ብሎ እግርህ ላይ ወደቀ። አንተስ? መንገዱን ዘግተህ፣ ጡሩምባው ሁሉ እየጮኸብህ፣ «ትራፊክ ካልመጣ ንቅንቅ የለም! ማን እንደሰበረው ይጻፍልኝ! ካሳዬን!» አልክ። ጥፋተኛው ይለይ፣ እውነቱ ይጻፍ፣ ካሳው ይከፈል። ፖሊሲውን እኮ አስፋልት ላይ አጸደቅከው! ትራፊኩ መጣ፣ ፕላን አነሳ፣ ልጁ አመነ፣ ከፈለ፣ ተጨባበጣችሁ። ትናንት በሱ ባጃጅ ስትሄድ አይቼሃለሁ። ሂሳብም አልቀበልም አለህ አሉ።