ሁለት ወንበር ያላት ጣጣ

ዋጃ ላይ መኪና ያለው ሰው ይከበራል ያላችሁ ማነው? ይከበራል፣ መኪናው አይሱዙ ከሆነ። አይሱዙ ማሽላ ይጭናል፣ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩን ጠቅልሎ ያደርሳል። የእኔዋ የምትጭነው እኔንና አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ሰውየው ጋቢ ካልደረበ።

አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ናት። ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ ሾፌር ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ አገር ለቆ የሚወጣ ፈረንጅ ጣለብኝ። ሸጠልኝ እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ሞዴሏ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 ጄኔቭ ላይ ነው። ቅርጿን የነደፈው የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፣ መሥራቹ ሽማግሌ ባቲስታ ፒኒንፋሪና በዚያው ዓመት አረፉ። እንዲያው ሳስበው፣ ዋጃ እንደምትገባ ቀድመው ሳይሰሙ አልቀሩም። ሞተሯ 1,570 ሲሲ፣ ማርሿ 5፣ ፍጥነቷ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ይላል መመሪያ መጽሐፏ። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ባጃጅ፣ ግመልና የአስፋልት ጉብታ አላየም። የሞተር ዘይት የሚይዘው አሉሚኒየም ሆዷ ዝቅ ብሎ ስለተንጠለጠለ፣ አንዷን ጉብታ የምሻገረው ሰው አስወርጄ፣ በሰያፍ አዙሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ባለፈው ቆቦ ለቅሶ ልሄድ ስነሳ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጄ ላይ ቆመዋል። አንዱን ባሳፍር ሁለቱ ይቀየማሉ፤ ሦስቱንም ትቼ ብሄድ አገር ይቀየማል። መጨረሻው ምን ሆነ? አራታችንም በባጃጅ ሄድን። ሒሳቡንም «ባለመኪናው አንተ አይደለህ?» ተብዬ እኔው ከፈልኩ።

ጣራዋ ሸራ ነው። አጥፌው ስነዳ «አያ፣ ቆርቆሮውን ማን ወሰደብዎ?» ይሉኛል። ስትቆም ደግሞ ባለቤቴ ኮፈኗ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። «ከቆመች አይቀር ትሥራ» ነው የምትለው። ምን እመልሳለሁ? የጃንሆይ መኪኖች ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ተወልውለው በቆሙበት ይከበራሉ፤ የእኔዋ በቆመችበት ትሰደባለች።

አንድ ነገር ላመስግን፤ አትዝግም። አውሮፓ ውስጥ የእሷን እኩዮች የጨረሳቸው ዝገት ነው፤ የእኛ ራያ ደግሞ ደረቅ ነው። ግን ድርቀቱ ላመራዋን የማረውን ያህል ሙቀቱ ላስቲኳን በላው፤ የመስኮቱ ጎማም የራዲያተሩ ቱቦም ተሰነጣጠቀ። ሚያዝያ ላይ ቤንዚኑ ገና ቱቦ ውስጥ እያለ ይፈላል። እንፋሎት ሲሆን ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ እሷም መሐል ገበያ ላይ ቀጥ ትላለች። እርጥብ ጨርቅ አልብሻት እስክትበርድ ቁጭ እላለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ደግሞ ምክር ይለግሰኛል። ቤንዚኑስ? መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩና ፈጣሪ ያውቃሉ። አንዳንዴ ራሴን ከቀደሙት ጋር አወዳድራለሁ፤ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በረሃ አቋርጦ ለአጤ ምኒልክ መኪና ሲያመጣ መንገድ አልነበረውም። እኔ መንገድ አለኝ፤ የሌለኝ መኪና ነው።

ከፍታውም አንድ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የቆቦና የዋጃ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ከአላማጣ ተነስቶ የግራ ካሕሱን አቀበት ተጠማዝዞ ኮረም ሲደርሱ ከ2,500 ያልፋል። አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያንቆረቁራል፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋም ጥላሸት ይለብሳል። ለደጋ ካስተካከልኳት ደግሞ ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳትና ትግላለች፣ ታስነጥሳለች።

ካርቡራተሩስ አንድ ቢሆን! ሁለት የጣሊያን ዌበር ናቸው፤ አራቱን ፒስቶን ሁለት ሁለት ተካፍለዋል። እኩል አየር ካልሳቡ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ይለግማል፣ ሞተሩም ይንዘፈዘፋል። እኔ ደም ያደረቅኩ ሽማግሌ ነኝ፤ የገዳይና የሟች ወገን አስታርቄ ባንድ ማዕድ አስቀምጫለሁ። እነዚህን ሁለት ጣሊያኖች ግን ማስታረቅ አቃተኝ።

ደሴ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ከጣሊያን ጋራዥ ሙያ የቀሰሙ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ። አንድ ሜትር የምትሆን የጎማ ቱቦ ያወጣሉ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ ያደርጋሉ። ፉጨቱን ያዳምጣሉ፤ ወደ ሁለተኛው ያዞራሉ፤ እሱንም ያዳምጣሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ብሎኗን በካቻቢቴ ቅንጣት ታህል ያዞሯታል። የሁለቱ ፉጨት አንድ ሲሆን «በቃ» ይላሉ፤ ሞተሩም ጸጥ ረጭ ብሎ ይሠራል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ መኪናዋ ደህና ተንፍሳ አታውቅም።

ሰው «ዕቃ ጠፍቶ ነው» ይለኛል። ዕቃስ አለ! አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ባይገኝ ውጭ አገር እስከ ዛሬ ይሠራላታል። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ዙሪያቸውን ከሚያሽጉት ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ጋር፣ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። የገጠመው ልጅ ሥራውን ሲጨርስ ቀለበቶቹን በፌስታል አድርጎ አስረከበኝ። «አያ፣ እነዚህ ተርፈዋል፤ ያስቀምጧቸው።» በማግስቱ ግቢዬ የዘይት መጋዘን ሆነ። ሌላው ጎበዝ የተባለ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ፣ ዳሽቦርዷ ሥር ተኝቶ መሰኪያ ሲፈልግ ዋለ። ላብ አጥምቆት ሲነሳ «ስህተቷን አትናገርም እኮ» አለኝ። ከጠዋት ጀምራ ስትጮህ ነበር! የሚሰማት ጠፍቶ ነው እንጂ።

ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የልጅ ልጄ መጥቶ «አባባ፣ የእርስዎ ስንት ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል?» ይለኛል። ነገ ካርቡራተር የሚባል ነገር ነበር ብል አርጅቷል፣ ይቀባጥራል ልባል ነው።

«ታዲያ ለምን አትሸጣትም?» ትሉኛላችሁ። ለማን? የሚገዛትም ተመልሶ የሚያመጣት እዚያው ኮምፒውተር የያዘው ልጅ ጋ ነው። ስለዚህ ገዢ አትላኩልኝ፤ ተማሪ ላኩልኝ። ደመወዝ የለም። ምሳ ግን አለ፤ የደጋሊት ማሽላ እንጀራ በትኩስ ወጥ። የጎማ ቱቦውን እኔ አቀርባለሁ፤ ጆሮውን ይዞ ይምጣ።